በትዕዛዝ የሚሠሩ የሌዘር ጋዝ መለኪያዎች፦ ዋጋቸውን የሚያወጡት የት ላይ ነው?

በአየር ውስጥ እጅግ በትንሽ መጠን የሚገኙ ጋዞችን በሌዘር የሚለካ መሣሪያ በትዕዛዝ ለማሠራት ዋጋ ስትጠይቁ፣ በሚላክላችሁ ሰነድ ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር የአንድ ሰከንድ ንባብ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚናገረው ነው። “በ1 ሰከንድ 0.3 ፒፒቢ” ይላል፤ ከአንድ ቢሊዮን የአየር ሞለኪውል ሲሦ ሞለኪውል እንደማለት ነው። ሦስት ሰነድ ጎን ለጎን ይዘረጋና ትንሹን ቁጥር የጻፈው ያሸንፋል። ይህ ግምገማ የሚሞግተው ይህንኑ የአመራረጥ ልማድ ነው። ኳንተም ካስኬድ ሌዘር የሚባለው ትንሽ የሴሚኮንዳክተር ሌዘር በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ወዲህ በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀዘቅዙት የድሮዎቹ ሌዘሮች ቀርተዋል። ዛሬ ሌዘሩና ብርሃን ተቀባዩ ዲቴክተር ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ። ደህናውን መሣሪያ ከደካማው የሚለዩት አየሩ የሚመጣበት ቱቦ፣ በመስታወቶችና በመስኮቶች መካከል የሚባዝነው ብርሃን፣ እና ዜሮው (ጋዙ የሌለበት አየር ተለክቶ የሚገኘው መነሻ ንባብ) የሚወሰድበት መንገድ ናቸው።

በመጀመሪያ ትዕዛዝ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ። ለሚቴን፣ ለካርቦን ዳይኦክሳይድና ለውሃ ተን ተዘጋጅተው የሚሸጡት መሣሪያዎች በደንብ የተፈተኑ ስለሆኑ በትዕዛዝ ማሠራት በአብዛኛው ትርፍ ወጪ ነው። ትዕዛዝ ትርጉም የሚኖረው ጋዙ ያልተለመደ ሲሆን ነው፤ ካርቦኒል ሰልፋይድ፣ ፎርማልዴሃይድ፣ ናይትረስ አሲድ፣ ኢቴን። ሁለትና ሦስት ጋዞችን በአንድ አየር ላይ በአንድ ቅጽበት ለመለካት፣ በሰከንድ 10 ጊዜ ለማንበብ፣ ወይም መሣሪያውን ከተወሰነ ክብደትና ቦታ ጋር ለማጣጣም ስትፈልጉም እንዲሁ።

ከትዕዛዝ ሰነዱ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ገጽ የሞገድ ርዝመት ምርጫው ነው፤ አንዴ ሌዘሩ ከተገዛ በኋላ የሚቀየር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሚቴን በ1.65፣ በ3.3 እና በ7.8 ማይክሮሜትር አካባቢ ብርሃን ይመጥጣል። በ1.65 ያሉት መስመሮች (ጋዙ ብርሃን የሚመጥጥባቸው ጠባብ የሞገድ ቦታዎች) በ3.3 ካሉት በመቶ እጥፍ ገደማ የደከሙ ናቸው። ነገር ግን እዚያ የሚሠሩት ሌዘሮች ከመገናኛ ኢንዱስትሪ የመጡ፣ ርካሽና ዕድሜያቸው ረጅም ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በ4.6፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ በ5.3፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በ6.2፣ አሞኒያ በ10.3 ማይክሮሜትር ጠንካራ መስመሮቻቸውን ያሳያሉ። ብልህ ምርጫ አንድ ሌዘር ለሁለትና ለሦስት ጋዝ እንዲበቃ ያደርጋል፤ በ4.57 ማይክሮሜትር አካባቢ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ውሃ ጎን ለጎን ስለሚገኙ አንድ ሌዘር ሦስቱንም ጠርጎ ያነባል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሳትጠይቁት የሚያቀርብ ሠሪ ሥራውን ያውቃል።

ሠሪው የጋዞች መስመሮች ከተመዘገቡበት ከሀይትራን የመረጃ ቋት ተነሥቶ የሳለውን ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጠጥ የሚያሳየውን ሥዕል ጠይቁ። ስፔክትረሙ የሚሳለው በእናንተ አየር ሁኔታ መሆን አለበት፦ 2 በመቶ የውሃ ተን፣ 420 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን ሞለኪውል 420) ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 1.9 ፒፒኤም ሚቴን፣ አየሩ የሚለካበት ዕቃ ማለትም ሴሉ በሚሠራበት ግፊት። በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ ብቻውን የተሳለ የፎርማልዴሃይድ መስመር ሁልጊዜ ያምራል። ውሃው ሲጨመርበት በጎኑ የሚወጣው ትልቅ መስመር ጅራቱን ወደ እኛው መስመር ሲዘረጋ ነው እውነቱ የሚታየው። ኢቴንን በ3.34 ማይክሮሜትር የሚለካ መሣሪያም እንደዚሁ በሺህ እጥፍ ከሚበዛው ሚቴን ጋር እየታገለ ነው። ስለዚህ ሚቴኑ በ1 ፒፒኤም ሲጨምር የኢቴን ንባብ በስንት ፒፒቢ እንደሚናወጥ በቁጥር ይቅረብ።

ስለ አሠራር ዓይነት የሚቀርቡት አማራጮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ብርሃኑን በሁለት መስታወቶች መካከል ብዙ ጊዜ የሚያመላልሰው ሴል ነው። በ32 ሴንቲሜትር ርቀት የተቀመጡ ሁለት መስታወቶች ብርሃኑን 238 ጊዜ ሲያመላልሱት 76 ሜትር ይጓዛል፤ የሴሉ ይዘት ግን ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። መስታወቶቹ ሰፊ የሞገድ ክልል ስለሚያንጸባርቁ ሁለት ሌዘሮች አንዱን ሴል ይጋራሉ፤ ለትዕዛዝ ሥራ የምንመርጠው ይህንን ነው። ድክመቱ በሒሳብ ይታያል። እያንዳንዱ ነጸብራቅ 99 በመቶ ብርሃን ቢመልስ መጨረሻ ላይ የሚወጣው 9 በመቶ ያህል ነው። በአቧራና በቅባት ምክንያት 98 በመቶ ቢሆን ግን ከ1 በመቶ በታች ይቀራል። በመስታወቱ ላይ የጠፋች አንዲት በመቶ፣ ዲቴክተሩ ጋ ስትደርስ አሥር እጥፍ ትሆናለች።

ሁለተኛው በእንግሊዝኛ አጠራሩ ሪንግ-ዳውን የሚባለው ነው። ብርሃኑ በጣም በሚያንጸባርቁ መስታወቶች መካከል ተይዞ እስኪከስም የሚፈጀው ጊዜ ይለካል። መስታወቶቹ 99.995 በመቶ የሚያንጸባርቁ ሆነው በ25 ሴንቲሜትር ቢራራቁ፣ የመክሰሚያው ጊዜ 17 ማይክሮሰከንድ፣ ብርሃኑ የሚጓዘው መንገድ 5 ኪሎሜትር ይሆናል። የሌዘሩ ጉልበት ቢዋዥቅ ንባቡን አይነካውም፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው። በሌላ በኩል መስታወቶቹ የተሠሩት ለጠባብ የሞገድ ክልል ስለሆነ ነገ ሌላ ጋዝ ልጨምር ቢሉ አይሆንም። ቆሻሻ በእያንዳንዱ ነጸብራቅ ላይ 0.005 በመቶ ብቻ ቢወስድ እንኳ 5 ኪሎሜትሩ ወደ 2.5 ይወርዳል።

ሦስተኛው የተመጠጠው ብርሃን የሚፈጥረውን ድምፅ የሚያዳምጠው ፎቶአኩስቲክ ነው። በቅርቡ ዓይነቱ ማይክሮፎኑ በ32,768 ኸርዝ የሚንቀጠቀጥ የእጅ ሰዓት ኳርትዝ ነው። ትንሽ፣ ቀላልና ርካሽ ነው። እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሪክ ኦክሳይድ ባሉ ጋዞች ላይ ግን የድምፁ ጉልበት በአየሩ እርጥበት ይወሰናል፤ ሞለኪውሉ የመጠጠውን ጉልበት ወደ ሙቀት ለመለወጥ ውሃ ያግዘዋልና። እርጥበቱን በቋሚነት የማይቆጣጠር ወይም አብሮ የማይለካ የፎቶአኩስቲክ መሣሪያ ለእነዚህ ጋዞች አንመክርም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። ብርሃን በሁለት ገጾች መካከል ጥቂቱ ቢመላለስ ከዋናው ጨረር ጋር እየተጋጨ ሞገድ መሰል ጥላ ይሠራል፤ ባለሙያዎች ፍሪንጅ ይሉታል። የፍሪንጁ ስፋት በገጾቹ ርቀት ይወሰናል። በ50 ሄክቶፓስካል ግፊት (ከመደበኛው የአየር ግፊት አንድ ሃያኛ ገደማ) የናይትረስ ኦክሳይድ መስመር ስፋት በሞገድ ቁጥር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ በሚገጥሙ ሞገዶች ብዛት) 0.01 ገደማ ነው። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ የካልሲየም ፍሎራይድ መስኮት የሚሠራው ፍሪንጅ 0.7 ስለሆነ ከመስመሩ በ70 እጥፍ ይሰፋል። የማስተካከያ ስሌቱ እንደ ተዳፋት ቆጥሮ ያስወግደዋል። በ50 ሴንቲሜትር የሚራራቁ ሁለት ገጾች ግን በትክክል 0.01 ስፋት ያለው ፍሪንጅ ይሠራሉ። ስሌቱ ይህንን ከጋዙ ለይቶ ሊያየው አይችልም፤ ጋዝ ብሎ ይቆጥረዋል።

ባለበት ቢቆም እንኳ ዜሮው ባረመው ነበር። አይቆምም። ገጾቹን የተሸከመው 50 ሴንቲሜትር አልሙኒየም በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ 11.5 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝማል። በ4.5 ማይክሮሜትር ሌዘር ደግሞ ርቀቱ በ2.25 ማይክሮሜትር ሲለወጥ ፍሪንጁ አንድ ሙሉ ዙር ይሄዳል። በክፍሉ ሙቀት የአንድ ዲግሪ ለውጥ ፍሪንጁ ከ5 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው፤ ንባቡም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። አየር ማቀዝቀዣው በየ15 ደቂቃው በሚበራና በሚጠፋበት ክፍል ውስጥ በየ15 ደቂቃው የሚተነፍስ “ጋዝ” ካያችሁ ምንጩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሠሪውን የምንመዝነው ፍሪንጅን በምን እንዳሸነፈ ነው። መስኮቶቹ ሁለት ገጻቸው ትይዩ መሆን የለበትም፤ የግማሽ ዲግሪ ዝንባሌ ያለው መስኮት የተለመደ ነው። መስኮቱ ራሱ ወደ ጨረሩ አጋድሞ መቀመጥና ጸረ-ነጸብራቅ ሽፋኑ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መሆን አለበት። የኦፕቲክሱ ሣጥን ሙቀቱ ከ0.1 ዲግሪ ባልበለጠ እንዲዋዥቅ ይጠበቃል። አንዳንድ ሠሪዎች አንዱን መስታወት በፒዞ (በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጥ ክሪስታል) እያንቀጠቀጡ ፍሪንጁን አማካይ ያደርጉታል፤ ይሠራል፣ ግን የሚሰበር አንድ ዕቃ ይጨምራል። በርክክብ ጊዜ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፦ ሴሉን በዜሮ አየር ሙሉ፣ የክፍሉን ሙቀት በ5 ዲግሪ ቀስ ብላችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉ፣ ንባቡን ከሙቀቱ ጎን ሳሉት። የሚወዛወዝ መስመር ከወጣ ማስታወቂያው ላይ ያለው 0.3 ፒፒቢ ምንም አይጠቅማችሁም።

ይህ ሁሉ በአንድ ሥዕል ይጠቃለላል፤ ዴቪድ አለን በ1966 እ.ኤ.አ. ለአቶሚክ ሰዓቶች ያወጣውና ኋላ ወደ ጋዝ መለኪያ የተሻገረው፣ አማካይ የሚወሰድበት ጊዜ ሲረዝም መዋዠቁ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየው የአለን መስመር። ንባቡን በ100 ሰከንድ አማካይ ስናደርገው የ1 ሰከንዱ 0.3 ወደ 0.03 መውረድ ነበረበት፤ መዋዠቁ በጊዜው ካሬ ሥር ይቀንሳልና። መስመሩ በ20 ሰከንድ ላይ ወደ ላይ ከታጠፈ ግን ከ0.07 በታች መውረድ የለም። በ1 ሰከንድ 0.5 የሚያነብና እስከ 500 ሰከንድ ድረስ የሚወርድ መሣሪያ 0.3 አንብቦ በ20 ሰከንድ ከሚታጠፈው እጅግ ይሻላል። ሥዕሉ ከ24 ሰዓት ዳታ የተሠራ ይሁን። ከተመረጠ አንድ ጸጥ ያለ ሰዓት ብቻ የተሠራ ሥዕል የሚያስረዳው ያንን ሰዓት ነው።

ብዙዎች የሚረሱት ሌላ ነገር አለ፤ ከሴሉ ውጭ ያለው አየር። ጨረሩ ከሌዘሩ ተነሥቶ ሴሉ እስኪገባና ከወጣም በኋላ ዲቴክተሩ እስኪደርስ በክፍሉ አየር ውስጥ ያልፋል። ሴሉ ውስጥ 76 ሜትር ቢሄድም ግፊቱ 50 ሄክቶፓስካል ስለሆነ የሚያየው የጋዝ መጠን በሙሉ ግፊት የ3.8 ሜትር ያህል ነው። ውጭ ያለው ግማሽ ሜትር ግን በሙሉ ግፊት ነው፤ የሴሉን 13 በመቶ ያህላል። ናይትረስ ኦክሳይድን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚለካ መሣሪያ ኦፕቲክሱ ያልታሸገና በደረቅ ናይትሮጅን ያልታጠበ ከሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሲተነፍስ መሣሪያው ያውቃል። የማጠቢያ ጋዙ ፍሰት፣ መግቢያና መውጫ በንድፉ ላይ ይታይ። ይህ ማጠብ በቀዘቀዘው ሌዘር ላይ ጤዛ እንዳይይዝም ይጠብቃል።

ፓምፕና ግፊት ላይ ብዙ አንቆይም፣ ሒሳቡ ግን መሠራት አለበት። ግማሽ ሊትር ሴል በ50 ሄክቶፓስካል የሚይዘው 25 ሚሊሊትር መደበኛ አየር ነው። ፍሰቱ በደቂቃ 1 ሊትር ከሆነ አየሩ በ1.5 ሰከንድ ይለወጣል፤ 10 ሊትር ከሆነ በ0.15 ሰከንድ። በሰከንድ 10 ጊዜ ማንበብ የፈለገ ሰው ወደ 15 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም በዚያ ግፊት በደቂቃ 300 ሊትር የሚስብ ፓምፕ ማለት ነው። በቱቦው የሚጠፋውን ስንጨምር በስሙ 500 ሊትር የሚባለው ደረቅ ስክሮል ፓምፕ ተገቢ ነው። ከባድና ጫጫታ ያለው ነው፤ የውስጥ ማኅተሞቹም እያለቁ አቧራ ይተፋሉ፤ መለወጫቸው ከመሣሪያው ጋር ይገዛ። “በሰከንድ 10 ንባብ” ብሎ በትንሽ ዲያፍራም ፓምፕ የሚመጣ መሣሪያ 10 ጊዜ የሚያነበው አንዱኑ አየር ነው።

የግፊት መለኪያው ጥራት ቸል የሚባል አይደለም። ሚቴን 1,900 ፒፒቢ ሲሆን በግፊት ላይ የ0.1 በመቶ ስሕተት፣ ማለትም 0.05 ሄክቶፓስካል፣ 1.9 ፒፒቢ ያሳስታል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ላቦራቶሪዎች በሚቴን እንዲስማሙ የሚጠብቀው በ2 ፒፒቢ ውስጥ ነው። አንድ ርካሽ ሴንሰር ብቻውን ያንን ሁሉ በልቶ ይጨርሳል።

ከሴሉ በፊት ያለው ቱቦ ደግሞ ትዕዛዙ ውስጥ ጭራሽ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ገዢው ራሱ ያዘጋጀዋል ተብሎ። የውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ቱቦ 250 ሚሊሊትር ይይዛል፤ በደቂቃ 10 ሊትር ሲፈስበት መዘግየቱ 1.5 ሰከንድ ነው። ለሚቴን ይህ ብቻ ነው ጉዳዩ። ለአሞኒያ ግን ቱቦው ራሱ መሣሪያ ሆኖ ያርፋል። አሞኒያ በግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ አየሩ ሲጠራ ከግድግዳው እየለቀቀ ለደቂቃዎች “አሁንም አለ” ያሰኛል። ለዚህ ጋዝ የማይዝግ ብረት አይሆንም። ፒኤፍኤ የሚባል የፕላስቲክ ቱቦ፣ አጭር፣ ከአካባቢው ሙቀት በላይ የሞቀ፣ ከመግቢያው ጀምሮ ግፊቱ የወረደ መሆን አለበት። ናፊዮን ማድረቂያ ውኃውን ሲያወጣ አሞኒያውንም ስለሚወስደው አይገባበትም። ማጣሪያውም ላይ አቧራ ሲከማች ጋዙን እያጠራቀመ መልሶ የሚተፋ ምንጭ ይሆናል፤ በቶሎ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ይቀመጥ።

ሠሪው የምላሽ ጊዜውን የለካው መግቢያው ጋ ጋዙን በመቁረጥ ይሁን ሴሉ አፍ ላይ በመቁረጥ ጠይቁ። ለሚጣበቁ ጋዞች ምላሹ ሁለት ክፍል አለው፦ አብዛኛው በሰከንድ ይወርዳል፣ የቀረው በዝግታ ይንፏቀቃል። ወደ 37 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ብቻ ከተጻፈ ሁለተኛው ክፍል ተደብቋል፤ ወደ 10 እና ወደ 1 በመቶ የሚወርድበት ጊዜም ይጻፍ።

ዜሮው የሚሰጠው እዚያው መግቢያ ጫፍ ላይ፣ ከማጣሪያው በፊት ነው። መሣሪያው ከሚስበው ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ ዜሮ አየር ይነፋበታል፤ ትርፉ ወደ ውጭ ስለሚወጣ የውጭ አየር አይገባም፣ ግፊቱም አይለወጥም። ሴሉ አጠገብ የሚሰጥ ዜሮ ቱቦውን አያይም። እርጥበቱም ከሚለካው አየር ጋር መመሳሰል አለበት፤ ከደረቅ ሲሊንደር የመጣ ዜሮ በውሃ መስመሮች ምክንያት የሚመጣውን ስሕተት እንደነበረ ይተወዋል። ለካርቦን ሞኖክሳይድና ለፎርማልዴሃይድ በጋለ ፕላቲነም ወይም ፓላዲየም ካታሊስት ያለፈ የአካባቢ አየር ጋዙን አጥፍቶ እርጥበቱን ስለሚያቆይ የምንመርጠው እሱን ነው። ዜሮው በስንት ደቂቃ ይደገም የሚለውን የአለን መስመሩ ራሱ ይመልሳል፤ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት።

በካሊብሬሽን ሲሊንደር (ንባቡ የሚስተካከልበትን መጠኑ የታወቀ ጋዝ በያዘው) ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መደበኛ ጋዙ በንጹሕ ናይትሮጅን የተቀላቀለ ከሆነ መስመሩ የሚሰፋው በአየር ውስጥ ከሚሰፋው በተለየ ልክ ነው፤ ኦክስጅን እንደ ናይትሮጅን አያሰፋምና። ስለዚህ በአየር የተቀላቀለ ይታዘዝ። እርጥበትም ሁለት ጊዜ ያሳስታል፦ መስመሩን ያሰፋዋል፣ ጋዙንም ያቀጥነዋል። 2 በመቶ የውሃ ተን ብቻውን ከ1,900 ፒፒቢ ሚቴን 38 ፒፒቢ ይደብቃል። መሣሪያው ውሃውን አብሮ ለክቶ ደረቅ ንባብ መስጠት አለበት፤ ማስተካከያው ያረፈበት ቀመርም ለገዢው ይሰጥ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጥሬው ስፔክትረም ይቀመጥ። 1,000 ነጥብ ያለው ስፔክትረም በየሰከንዱ ቢቀመጥ በቀን 350 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ይህ ዛሬ ምንም አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ የማይታወቅ ጋዝ ጣልቃ ገብቶ እንደነበር ቢታወቅ፣ ጥሬው ካለ ሁሉም እንደገና ይሰላል። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ሌላው ሁሉ ቢያምር አንቀበለውም።

በርክክቡ ቀን መጀመሪያ የሚደረገው የማፍሰስ ፈተና ነው። ሴሉን ወደ 50 ሄክቶፓስካል አውርዱ፣ ሁለቱንም ቫልቮች ዝጉ፣ ግፊቱን ለ10 ደቂቃ ተከታተሉ። በግማሽ ሊትር ሴል ውስጥ ግፊቱ በደቂቃ 1 ሄክቶፓስካል ከፍ ቢል ግማሽ ሚሊሊትር የክፍል አየር እየገባ ነው። በደቂቃ 1 ሊትር ፍሰት ላይ ይህ 0.05 በመቶ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ 1,000 ፒፒቢ በደረሰበት ክፍል ውስጥ የ0.5 ፒፒቢ ስሕተት ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፈጥኖ ወጥቶ ከዚያ የሚዘገየው ከግድግዳ የሚለቀቅ ተን ሊሆን ይችላል፤ በእኩል ፍጥነት የሚወጣው ግን ቀዳዳ ነው።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን ያለ ማስጠንቀቂያ ቁረጡና መልሱ። መሣሪያው ራሱ ተነሥቶ መስመሩን አግኝቶ እስኪይዝ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሌዘሮች ከዓመት ዓመት የሞገድ ርዝመታቸው በጥቂቱ ስለሚሸሽ፣ ጋዙን በብዛት የያዘች ትንሽ ማጣቀሻ ሴል በውስጡ ያለችው መሣሪያ አየሩ ውስጥ ጋዙ ጠፍቶ ሳለም መስመሩን አትስትም። ማጣቀሻ ሴል የሌለው ንድፍ መጠናቸው ከ1 ፒፒቢ በታች ለሆኑ ጋዞች ሲቀርብ ይመለስ።

መለዋወጫ ሌዘሩ አብሮ ይታዘዝ፤ ከተቻለ ከዚያው የምርት ዙር። በትዕዛዝ የሞገድ ርዝመት የሚሠራ ሌዘር ለመድረስ ወራት ይፈጃል፤ ሲደርስም የሚሠራበት ሙቀትና ኤሌክትሪክ ከቀድሞው ስለሚለይ መስመሩ በማይደርስበት ክልል ሊያርፍ ይችላል። ውሉ ላይም የመጨረሻው ክፍያ ከሠሪው ፋብሪካ ፈተና ጋር ሳይሆን፣ መሣሪያው በሚቆምበት ቦታ፣ በራሳችሁ ቱቦና በራሳችሁ ፓምፕ፣ ለ7 ቀን ሳይነካ ሠርቶ ከሚያወጣው የዜሮ ዳታ ጋር ይታሰር።